ሦስት ጊዜ የተቀባው ሳሎን

«እጅህ ለአጥር ነው የተሠራው» ያለችኝ ማርዎ ናት። በኅዳር ሰማንያ ሰባት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከድንበር ማዶ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሶማሌዎች ሰፈር ባለው ቤቷ ሳሎን መሐል ቆማ፣ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ። አማርኛውን ስደት ላይ ሳለች ጅግጅጋ ገበያ ነው የለመደችው። እኔ እርስዎ ስላት እሷ አንተ ትለኛለች። ይሄንንም ይዤባታለሁ።

መጀመሪያ ያዘዘችኝ ቢጫ ነበር። ቀባሁት። «የወባ በሽተኛ ዓይን ይመስላል» አለች፤ የአጥሩንም ነገር የተናገረችኝ ያኔ ነው። አረንጓዴ አደረግሁት። ከኮርኒሱ ሥር ዙሪያውን፣ ልጅ ሆኜ በደብራችን መሪጌታ ብራና ላይ ያየሁትን ሐረግ ሳልኩላት። ማንም ሳያዘኝ፣ ከልቤ። ጠጋ ብላ አየችውና፣

«መስቀል ደብቀህበታል?» አለችኝ።

«ቅጠል ነው።»

«አጥፋው።»

አጠፋሁት።

ከተማው እየወጣ ነበር። በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል የጎሳ ታጣቂዎች ተኩስ ከጀመሩ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ ድንበር ይሄዳል። ሹፌሩ ክፍሌ፣ የአገሬ ሰው፣ «ይሄይስ፣ እሑድ ጠዋት እወጣለሁ፣ ቦታ ይዤልሃለሁ» አለኝ።

«ማርዎ ሳሎኑን ወደድኩት ሳትለኝ አልሄድም።»

«በሴትዮ ግድግዳ ልትሞት ነው እንግዲህ» ብሎ ሳቀብኝ። የእሱንም ሳቅ ይዤበታለሁ።

ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ሰው በሚሸሽበት ሰሞን ቤት የሚያስቀባ ማነው? ሩዝ በሥጋ ታቀርብልኛለች፤ እንዲህ ያለ ደግነት ደግሞ በባዶ አይመጣም። ራዲዮውን ከፍ አድርገው ትላለች። መሰላሉን ከመንገዱ መስኮት ዞር ካደረግሁት ትቆጣለች። ለሰው ልታሳየኝ ይሆን? ሰላይ ነው ብላ አሳልፋ ልትሰጠኝ? የሐረጉን ነገር ለማን ነግራ ይሆን? ብሩሼን ይዤ ኮቴዋን አዳምጣለሁ።

ዓርብ ከሰዓት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች በዚያው መስኮት ብቅ አሉ።

«አንተ ማነህ?» አለኝ አንዱ በሶማልኛ።

«ቀለም ቀቢ።»

«የማን ወገን?»

«ሐበሻ ነኝ።»

እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። አልፈውም የጎረቤቱን ባዶ ቤት በር ነቅለው ወሰዱ። ማርዎ ጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። ሳሎን ገባችና፣

«አረንጓዴውም አስጠላኝ» አለች። «ሰማያዊ አድርገው።»

እሑድ ጠዋት ሰማያዊውን ላጋምስ ስል የክፍሌ መኪና በሩ ላይ ቆመ። እኔን ሊለምን የመጣ መስሎኝ ደስ አለኝ። እሱ ግን ወደ እኔ ሳያይ የማርዎን ምንጣፍና መከዳ ይጭን ጀመር።

«ቦታዬስ?» አልኩት።

«አልሄድም አልክ እኮ። እሷም ይቆያል አለችኝ።»

ማርዎ ጋቢና ገብታ በመስኮት ቁልፍ ዘረጋችልኝ።

«ሩዙ ጓዳ ነው። ራዲዮው እንዳይጠፋ። ሰው ያለበትን ቤት አይነኩም፤ አንተ ደግሞ ወገን የለህም፣ ማን ይጣላሃል?»

«ሰማያዊውን እኮ አላዩትም።»

«የፈለግከውን ቀባ። ሲያልቅ ሌላ ቀባበት።»

ለካ አንዱንም ከልቧ አላየችውም። እንዲያምርም አልፈለገችም፤ መሰላሉ ላይ ሰው እንዲታይ ብቻ ነው። ክፍሌ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ያያል፤ ከንፈሩ ላይ ግን ያ ሳቅ አለ።

ብሩሹን ደፉ ላይ አስቀመጥኩ። ቁልፉን አልተቀበልኩም። በሩን እንደተከፈተ ትቼ በእግሬ የእኛ ሰዎች ወደሚበዙበት ወደ ዳሚ ሰፈር ቁልቁል ወረድኩ።

«ይሄይስ» አለች ከኋላዬ። «አንተ ይሄይስ፣ ቤቱስ?»

ክፍሌ ጡሩምባ ነፋ። መንገዴን ቀጠልኩ።