የጥገና ክፍሉ ቁልፍ

አለቃችን ጋሽ ደምመላሽ ቁልፉን ከእጄ ተቀብለው ለአዲሱ ሰው ለዘርአ ዳዊት ሰጡት። ሁለት ዓመት አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩት የጥገና ክፍሉ ቁልፍ ነው። የቀድሞው ጠጋኝ ባየው ጡረታ ወጥቶ አገሩ ለሚ ከገባ ጀምሮ የብርድ ልብስ ማምረቻችንን የሱፍ መፍተያ ማሽን የምጠግነው እኔ ነኝ። ኃላፊነቱም የኔ ነው ብዬ ለእናቴ ሳይቀር ነግሬያታለሁ።

«ኢንጂነር ነው እኮ፣ ብዙዬ» አሉኝ። «ፋብሪካቸው ሠራተኛ ቀንሶ ስምንት ወር ቤቱ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ደሞዝ ከየት ይገኛል?»

«እኔ በዚሁ ደሞዝ ተገኝቼ የለ?»

«አንቺማ የቤት ልጅ ነሽ።»

የቤት ልጅ ማለት እንግዳ ሲመጣ ከወንበሯ የምትነሣ ነች።

ሰውዬው ሸሚዙን ተኩሶ ነው የመጣው። ስምንት ወር ሥራ ፈትቶ እንኳ ተኩሶ። ማሽኗን ዞራት፤ ሰምቼው የማላውቀውን ስም እየጠራ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ብረቶቹን በጣቴ የማውቃቸው እኔ፣ በስማቸው የሚጠራቸው እሱ። ቅናት ያንገበገበኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። በኅዳር የካምቢዮው ዘይት እንደ ሞራ ይረጋል። ሱፍ ባለበት ቤት እሳት አይታሰብም፤ ስለዚህ ጆንያ በፈላ ውሃ ነክሬ ካምቢዮውን እጠቀልልበትና ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ዘይቱ ሳይሞቅ አስነሥቼ ማሽኗን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ሁለቴ በጥሼ ነው ያወቅኩት። የእሱ ፋብሪካ ማሞቂያ ነበረው።

እጁን ማስነሻው ላይ አድርጎ ዞር አለ። «ላስነሣት?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ኃላፊው እርስዎ ነዎት» አልኩት፣ አንቱታዬን አጥብቄ።

ቺንጋው ጧ ብሎ ተበጠሰ። ጋሽ ደምመላሽ ደረሱ። የሚሰደብበትን ቃል ለመስማት ጆሮዬን አቀናሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላቸው። «ዘይቱን ማየት ነበረብኝ። ብዙነሽንም ሳልጠይቅ አስነሣኋት።»

ጠይቆኝ ነበር እኮ።

እሳቸው ሲወጡ ደብተሩን ይዞ መጣ። «ጠዋት ጠዋት እንዴት ነው የምታሞቂያት?»

ውጭ ውሃ ጣድኩ፤ ጆንያውን አሳየሁት። ሁለት ኅዳር የፈጀብኝን በግማሽ ገጽ ጨረሰው፤ ግርጌው ላይ ስሜን ጻፈ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«ቀድመሽ የምትገቢው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ጋ ይሁን። ለጋሽ ደምመላሽ ነግሬያቸዋለሁ።»

ቁልፉን አንገቴ ላይ መልሼ አሰርኩት። አላመሰገንኩትም። በቸርነት እንኳ ቀደመኝ።