በእግር ወደ ቻይና

እኔ አሞስ ትራጂል የግዞተኞች ምድር ወደሆነችው ኒው ሳውዝ ዌልስ የመጣሁት በግ ሰርቄ ነው። አገሬ እንግሊዝ፣ ኖርፎክ ላይ ዳኛው ሞት ፈረደብኝ፤ ኋላ በምሕረት ወደ ሰባት ዓመት ግዞት ተለወጠልኝ። ስድስት ወር በባሕር ስንጓዝ በአንድ ሰንሰለት አብሮኝ የታሰረው ፊንታን የሚባል አየርላንዳዊ ነበር።

እዚህ ሥራችን ዛፍ መጣል፣ ጉቶ መንቀልና ማቃጠል ሆነ። በሬ ስላልነበረ መሬቱንም የምንቆፍረው እኛው ነን። በሁለተኛው ዓመት ፊንታን ወሬ ይዞ መጣ።

«ስማ አሞስ፣ ከዚያ ተራራ ጀርባ ወንዝ አለ። ወንዙን ከተሻገርክ ቻይና ነው።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም ያውቃል። አንተ እንግሊዛዊ ስለሆንክ ማን ይነግርሃል?»

ከጉያው ብጣሽ ወረቀት አወጣ። ኮምፓስ ተስሎበታል። የሳምንት የሥጋ ድርሻውን ሰጥቶ ነው ያገኘው።

«ቀስቱ እኮ አይንቀሳቀስም» አልኩት።

«ታዲያስ! ሰሜን ይንቀሳቀሳል እንዴ?»

ሳቅኩበት፤ ግን አብሬው ጠፋሁ። ቻይናን አምኜ አይደለም፤ ጉቶው አንገፍግፎኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዱቄታችን አለቀ። በአራተኛው ቀን ከዛፎቹ በላይ ጭስ አየን። ፊንታን ተንበርክኮ አማተበ።

«ድምፅ ይሰማሃል? ቻይናዎች ናቸው!»

ጠጋ ብለን ስናዳምጥ አንድ የለንደን ሰው «መጥረቢያዬን መልስ!» እያለ የጓደኛውን እናት ይሰድባል። የራሳችን ሰፈር ነው። ዞረን ዞረን የወጣንበት ደጃፍ ላይ ደርሰናል።

እግሬ በእሾህ ተወግቶ መግሏል። «በቃ እንግባ» አልኩት።

«አንተ ግባ። እኔ ወደ ሰንሰለት በገዛ እግሬ አልሄድም።»

ግንባሬን ስሞኝ በምዕራቡ ሸለቆ በኩል ወደ ጫካው ተመለሰ።

ሃምሳ ጅራፍ ተፈረደብኝ። ከአሥራ አምስተኛው በኋላ መቁጠር ተውኩ። ስለ ፊንታን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ጫካው ይጨርሰዋል ብለው ትተውታል። ሁለት ቀን አሰብኩ። ስንቅ የለው፣ ቢላ የለው። በሦስተኛው ቀን መቶ አለቃው ዘንድ ሄጄ «በምዕራቡ ሸለቆ ነው የሄደው» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም።

ዱካ የሚያነቡ ሁለት የአገሩ ተወላጆች ወታደሮቹን መርተው አገኙት። ጅረት ዳር ወድቆ ሥር ያኝካል፤ መቆም አልቻለም። ተሸክመው አመጡት። ሲያገግም መቶ ተገረፈና በእግር ብረት ታሰረ።

ውሃ ይዤለት ሄድኩ።

«ማን ነገራቸው?» አለኝ።

«እኔ።»

«ለምን?»

«ትሞት ነበራ!»

«ሞቱስ የኔ አልነበረም?» አለና ፊቱን አዞረ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አንዲት ቃል አልተነፈሰልኝም።

ጊዜያችንን ጨርሰን ሁለታችንም ሆክስበሪ ወንዝ ላይ መሬት ተሰጠን፤ እሱ ማዶ ከፍታው ላይ፣ እኔ ወዲህ ሜዳው ላይ። ጨርቅ ሰርቃ የተጋዘችውን ሄስተርን አገባሁ፤ ሁለት ሴት ልጆች ወለድን። ወፍጮ ቤት ስንገናኝ ፊንታን ዓይኑን ያሸሻል። «እዚህ አገር ያልተኳረፈ ማን አለ? ተወው» ትለኛለች ሄስተር። መተው ግን አልሆነልኝም።

ከዚያ ታላቁ ጎርፍ መጣ። ወንዙ በአንድ ቀን ቤት ዋጠ፤ የስንዴ ክምር ዶሮዎችን እንደተሸከመ ተንሳፍፎ ሲያልፍ አየን። እኛ ጣሪያ ላይ ወጥተን ልጆቹን በገመድ አስረን ይዘናል። ማዶ አንዲት ትንሽ ጀልባ ከግንድ ከፍራሽ እየተጋጨች ወደኛ ትመጣለች። ፊንታን ነው።

ልጆቹን ተቀበለኝ፤ ሄስተርን ሳባት። እኔ ልገባ እግሬን አነሣሁና ቆም አልኩ።

«ምን ትገተራለህ? ግባ!»

ገባሁ። ጥቂት እንደሄድን «ፊንታን፣ ያኔ የተናገርኩት...» ብዬ ጀመርኩ።

«መቅዘፊያውን ያዝ» አለኝ። «ባንተ ጦስ መቶ ተገርፌያለሁ፤ አሁን ደግሞ ብቻዬን ልቅዘፍልህ?»

ቀዘፍኩ።

ስንዴው በሙሉ ጠፋ። አዲስ ጎጆ እስክንሠራ ድረስ እሱ ዘንድ ከረምን። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ታናሿ ልጄ ግን «አባባ ፊንታን» ማለት ጀመረች፤ እሱም «አቤት» ይላታል።