ቆራጣው ማማ

በባልጋሪ ከተማ ድሮ መንገድ የጠየቀ ሰው «ከቆራጣው ወደ ግራ ታጠፍ» ይባል ነበር። ቆራጣው፣ አርክቴክቱ ጋቪን ሞንከር በወጣትነቱ የሠራው የቤተ ክርስቲያን ማማ ነው። ሹል ጫፉ ሳይሠራለት እንደ ተጎመደ ግንድ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆመ። ሞንከር ከዚያ ወዲህ ስንቱን ትምህርት ቤት፣ ስንቱን የላም ጋጥ ነድፏል፤ ሰው የሚያነሳበት ግን ያንኑ ጉዱን ብቻ ነው።

የጎደለው ጫፍ ንድፍ በመስታወት ተገጥሞ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ነበር። ባል ሳታገባ ከእሱ ጋር ያረጀችው እህቱ ኢሶቤል በየቅዳሜው መስታወቱን ትወለውልለታለች።

«ይህን ቆሞ ሳላይማ አልሞትም» ይላት ነበር።

አንድ ጥቅምት ቄስ ራትሬይ ዝናብ እያንጠባጠቡ መጡ። አንዲት ሟች ባለጸጋ ለጫፉ ማሠሪያ ገንዘብ ተናዝዛለች፤ በሞንከር ንድፍ እንዲሆንም አደራ ብላለች። የኢሶቤል አንጀት ቅቤ ጠጣ። ሞንከር ግን የአጃ ገንፎውን ሳይቀምሰው አቀዘቀዘው።

ነገሩ የቆየ ነው። መሠረቱ ሲቆፈር ዋናው ግንበኛ ዶድ ፔትሪ፣ «ሚስተር ሞንከር፣ ዘጠኝ ክንድ ብንወርድ አለት እናገኛለን» ብሎት ነበር። ምእመናኑ ግን በሚያፈስ ጎተራ ውስጥ ነበር የሚያመልኩት፤ ክረምቱም ደርሷል።

«አራት ክንድ ይበቃል። ጫፉ ሲመጣ እናጠናክረዋለን» አለ ሞንከር።

«እሱ ሲመጣማ እኔም እርስዎም አፈር ውስጥ ነን!»

«አንተ ድንጋይህን ጥረብ! ማሰቡን ለእኔ ተወው።»

ሠራተኞቹ ሁሉ ሰሙ። ዶድ መዶሻውን አንስቶ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ሞንከር በማግስቱ በትኩሳት ወደቀ፤ ከአልጋው ሲነሳ ግንቡ ከመሬት በላይ ወጥቶ ነበር። ዶድ እስኪሞት ድረስ መንገድ ላይ ሲያገኘው ቆቡን ነክቶ ሰላም ብሎት አያውቅም። ሞንከርም ንቀት ነው ብሎ ተቀየመው።

እንግዲህ በአራት ክንድ ጭቃ ላይ ያን ሁሉ ድንጋይ መጫን፣ በየእሑዱ ሥሩ በሚቀመጠው ሕዝብ ላይ መፍረድ ነው። ለእህቱ ነገራት።

«ምናለ መጀመሪያ ቢያስቆፍሩት? አይተህ ተናገር» አለችው።

«ምኑን ነው የማየው? ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ስንት ዓመት የለመንከው ነገር እኮ ነው!»

«ግንበኛ አርክቴክት ያዘዘውን ይሠራል፣ ኢሶቤል። በቃ።»

በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ቆሞ ሁሉን ተናገረ። ጨርቅ ነጋዴው ዌደርበርን ቀድሞ ጮኸ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆቻችንን ጭቃ ላይ አስቀምጠህ ነው ስታዘምርብን የኖርከው?»

እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው ይባላል፤ ለሞንከር ግን ማደሪያም አልተረፈለት። ያመሰገነው አንድ ሰው አልነበረም። ከኤዲንብራ ሌላ አርክቴክት አስመጡ። ሰውየው ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ ማማውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «የነደፈው ራሱ ከመሰከረ ቁፋሮ ምን ያደርጋል? ሙሉ ሕንፃው ይፍረስ» አለ። ቄሱ የሟቿን ወራሾች አነጋገሩ፤ ኑዛዜው ለአዲሱ ሕንፃ ዞረ።

በጸደይ ማፍረስ ጀመሩ። ሞንከር በየቀኑ ከአጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አየ። ሰው ሰላም ሳይለው ያልፋል። መስኮቶቹን ሲነቅሏቸው አለቀሰ፤ ማንም ስላላየው አላፈረም።

መሠረቱ ላይ ሲደርሱ አንዱ ቆፋሪ ጠራው።

«አባት! ኧረ ይምጡ፣ ይህን ይዩ!»

ሞንከር ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ። ግንቡ አራት ክንድ ላይ አላበቃም። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት እያለ ይወርዳል፤ ማንም በማያየው አፈር ውስጥ ድንጋዩ ሁሉ ተጠርቦ ተገጣጥሟል። ዘጠነኛው ክንድ ላይ አለቱን ረግጧል። ከታችኞቹ ድንጋዮች በአንዱ ላይ የወፍ እግር የመሰለች ምልክት ተቀርጻለች፤ ዶድ በጠረበው ድንጋይ ላይ ሁሉ የሚያኖራት ምልክቱ ናት።

ቆፋሪው በመዶሻው መታ መታ አደረገው። «እንኳን አንድ ጫፍ ሁለትም ይሸከማል። ማን ነው እንዲህ ያለ ሥራ የቀበረው?»

«ያልታዘዘኝ ሰው ነው» አለ ሞንከር። የተቆለለው አፈር ላይ ተቀመጠ።

«ታዲያ ለምን ያስፈርሱታል?»

«እኔ ነኝ ያፈረስኩት።»

የኤዲንብራው ሰው መሠረቱን አይቶ ወደደው። ያንን አላፈረሰም፤ የራሱን ማማ፣ ከነሹል ጫፉ፣ እላዩ ላይ አቆመ። በምርቃቱ ቀን በሩ አጠገብ ስሙ በእብነ በረድ ላይ ተጻፈለት። ሞንከር ያኔ ከአልጋ አይነሳም ነበር፤ ኢሶቤል ማማው የሚታይበትን መስኮት መጋረጃ ልትዘጋበት ስትል ከለከላት።

«ተይው። ልየው።»

እስኪመሽ ድረስ አየው። ጫፉ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አሁን በባልጋሪ መንገድ የሚጠይቅ ሰው «ከማማው ወደ ግራ» ይባላል።