በቀይ የተጻፈው ሁሉ

አራሚው አዲሱን መጽሐፍ ከካርቶኑ አውጥቶ ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ሲገልጥ፣ ማንም እንዳላየው ዞር ዞር ብሎ አየ።

መጽሐፉ የአማቱ የሕይወት ታሪክ ነው። አማቱ አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ከነዱት ያወሩት የሚበልጥ ሰው ናቸው። በዚህ ገጽ ላይ ሁለት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ጭነው ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን ይበጠስባቸዋል። እሳቸው በሩን ከፍተው እግራቸውን ወደ አስፋልቱ ይሰዳሉ። መኪናው ገደሉ አፋፍ ላይ ቀጥ ይላል፤ የጫማቸው ሶል ሦስት ቀን ሙሉ ይጨሳል። ከዚያ ቀጥሎ፣ በዚያው ፊደል፣ እንዲህ ታትሟል፦ «አባባ ይህን ውሸት ሲነግሩን ሦስተኛቸው ነው። ባለፈው ጭነቱ ስኳር ነበር።»

አራሚው ይህን በረቂቁ ኅዳግ ላይ የጫረው ለራሱ ነበር። የሚሠራበት አሳታሚ ቤት ሕግ አጭር ነው፤ በእርሳስ የተጻፈ ይታለፋል፣ በቀይ የተጻፈ ይገባል። የዚያን ቀን እርሳሱ ተሰበረና በያዘው ቀይ እስክሪብቶ ጻፈው። ታይፒስቷ ደግሞ ቀይ ካየች የትራፊክ መብራትም ቢሆን ከመተየብ አትመለስም። የመጨረሻውን ንባብስ? የቤተሰብ ሥራ ነው፣ በቃሌ አውቀዋለሁ ብሎ ዘሎታል።

ምረቃው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። የሚኖርበት ቤት የአማቱ፣ የሚተኛበት አልጋ የአማቱ፣ ሚስቱም ብትሆን የአማቱ ልጅ። ጠዋት ክራባቱን ስታስርለት፣ አባቷ በሰው ፊት ቢዋረዱ እሷን እንዳይፈልጋት እየሳቀች ነግራዋለች። ስትስቅ ግን ቋጠሮውን አላላላችለትም።

እየሮጠ አዳራሹ ደረሰ። አማቱ ከመጋረጃው ጀርባ ኮታቸውን ቆልፈው ተቀምጠዋል። ስለ ልጅነታቸው ቢያነቡ ሕዝቡ እንደሚወድላቸው በልስላሴ ነገራቸው።

«ልጅነቴን ማን ይፈልገዋል? የማነበው ፍሬኑን ነው።»

«አባባ፣ እሱ ረጅም ነው፣ ይደክምዎታል።»

«መኪና በእግሬ ያቆምኩ ሰውዬ ንባብ ይደክመኛል?»

አዳራሹ በሽማግሌ ሾፌሮች ጢም ብሏል። አራሚው ፊት ወንበር ላይ ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ የክራባቱን ጫፍ እስኪርስ ጨበጠው። አማቱ ማንበብ ጀመሩ፤ በሩን ከፈቱ፣ እግራቸውን ሰደዱ፣ ሶሉ ጨሰ። ቀጣዩ መስመር ላይ ደረሱ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። አማቻቸውን አዩት። ሚስቱም ዞራ አየችው።

ከዚያ ያቺን መስመር በዚያው ድምፅ፣ ቃል ሳያስቀሩ አነበቧት።

ሾፌሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ አንድ ሽበታም፣ «ለእኔ ሲነግረኝማ ጭነቱ ጨው ነበር» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አማቱም ሳቁ፤ ጥርሳቸው ብቻ።

ፊርማው ሲያልቅ አራሚውን ጠርተው ቀዩን እስክሪብቶ ተቀበሉት። ገጹ ላይ «ሦስተኛቸው» የምትለዋን ሰርዘው «ዘጠነኛቸው» ብለው ጻፉና፣ ለሁለተኛው እትም በደንብ ቆጥሮ እንዲያርም አዘዙት። ውሸት የምትለዋን አልነኳትም። እስክሪብቶውን ግን አልመለሱለትም፤ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሰኩት።

ወደ ቤት መንገዱ ቁልቁለት ነው። መሪውን እሳቸው ያዙ፣ ልጃቸው ከጎናቸው፣ አራሚው ከኋላ። የቁልቁለቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ አማቱ በመስታወቱ አዩት፤ ቀስ ብለው በሩን ከፈት አደረጉና ግራ እግራቸውን ወደ ውጭ አወጡ።

«ይኸኛውንስ» አሉት፣ «ስንተኛ ትለዋለህ?»