የተጠቀለለው ሜዳ

በዩኒቨርሲቲው ሁለገብ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ሁሉም «ኢንጂነር» ነው የሚላት። የምህንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ስሙን ያወጡላት ጽዳቶቹ ናቸው፤ አምፖል ሲቀየር፣ መረብ ሲወጠር፣ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ ማንም ሳይጠራት ከተፍ ብላ «እንደዚያ አይደለም!» ስለምትል። እሷ ደግሞ ሽሙጡን እንደ ማዕረግ ተቀብላ ደረቷን ነፍታ ትሄድበታለች። የምታውቀውን ሁሉ የተማረችው ከስልኳ ነው፤ አስተማሪ ስላልነበራትም ተሳስተሻል ያላት የለም።

በዚያ ቀን አዳራሹ ጠዋት ምረቃ፣ ከሰዓት የሴቶች መረብ ኳስ ፍጻሜ ነበረበት። የመረብ ኳስ መስመር ወለሉ ላይ አልተቀባም፤ ጨዋታ በመጣ ቁጥር በፕላስተር ይለጠፋል። የሚለጥፈው ሰውዬ ጡረታ ወጥቷል።

«ዛሬ አንቺ ሞክሪው» አላት የአዳራሹ ኃላፊ። «ዳኛዋ ካሳለፈችልሽ ቋሚ ሠራተኛ ትሆኛለሽ።»

ይህን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ለምና በጊዜያዊ ሠራተኝነት ያስገባቻት የጽዳቶቹ አለቃ፣ አክስቷ፣ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «አደራሽን፣ እንዳታሳፍሪኝ።»

«እትዬ ደግሞ! እኔን ነው?»

ጉንፋን ጥሏት ከርማ መመለሷ ነበር። የምረቃው ወንበር ከተነሳ በኋላ ስትገባ ወለሉን አይታ ክው አለች። ያ የቅርጫት ኳሱ፣ የእጅ ኳሱ፣ የቴኒሱ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ መስመር የተዝረከረከበት ወለል የለም። ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ የእንጨት መልክ ብቻ ነው። «ፍቃችሁ እንደ አዲስ ቀቡት» እያለች ስትጨቀጭቅ ነበርና «በመጨረሻ ሰሙኝ!» አለች።

በምረቃ ቀን ወለሉ እንዳይጫር ንጣፍ የሚያነጥፉት ሰዎች አለቃ ወደ ምሳ ሲወጡ አዩዋት።

«ልጄ፣ ቆይ እኛ እስክንመለስ—»

«ጋሼ፣ እርስዎ ምሳዎን ይብሉ። መስመር የኔ ሥራ ነው።»

«አይ፣ እኔ የምልሽ—»

«ገባኝ ጋሼ፣ ገባኝ!»

ምንም አልገባትም ነበር። ሰውየው ርቧቸዋል፤ ትከሻቸውን ሰብቀው ሄዱ።

የወለሉን መጋጠሚያዎች እንኳ አይታቸዋለች፤ «እንዴት ያለ ሰፋፊ ጣውላ ነው!» ብላ አደነቀች። ሲረገጥ ለስለስ ማለቱን «ለጉልበት አስበው ነው» አለች። የመረቡ ምሰሶ የሚተከልበትን ቀዳዳ ስታጣ ደግሞ አዲስ ዓይነት ምሰሶ የተገዛ መሰላት። ሲባጎ ወጠረች፣ ለካች፣ ተንበርክካ ለጠፈች። ማዕዘኖቹ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ያዘች። ስትጨርስ ራቅ ብላ ቆማ አየችው፤ የሚያየው ሰው ስለሌለ ራሷን አመሰገነች።

ዳኛዋ ሜትሯን ይዛ መጣች፤ በአራቱም በኩል ለካች።

«እጅሽ ይባረክ! ዝንፍ አላለም።»

አክስቷ ከበሩ አጠገብ ሆና ፊቷ በራ። ወዲያው የንጣፍ ሠራተኞቹ ገቡ። አለቃቸው ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

«ንጣፌ ላይ ምንድነው የለጠፋችሁት?»

«የምን ንጣፍ?» አለች ኢንጂነር።

ቁጢጥ ብለው በግድግዳው ጥግ በጣታቸው ገለጡት። ቀዩም፣ ሰማያዊውም፣ ቢጫውም መስመር ከሥር ተኝተው ነበር፤ አንዱም አልጠፋም። ለካ እሷ ታማ ሳለ እንጨት የሚመስል አዲስ ንጣፍ ተገዝቶ ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጥፏል።

ዳኛዋ ሜትሯን ጠቀለለች። «መስመሩ እንከን የለውም» አለች። «ልጆቹ የሚጫወቱት ግን ከሥር ነው።»

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«አፌን ከፍቼ ነበር። አንቺ ዘጋሽው።»

«ራሷን ያስተማረች፣ ራሷን ጉድ የሠራች!» ብላ ራሷን ሰደበች። ሠራተኞቹ ንጣፉን መጠቅለል ጀመሩ፤ ሜዳዋ ቁራጭ በቁራጭ ተሸብልሎ ግድግዳ ጥግ ተጋደመ። ተመልካች እየገባ ነው። ኃላፊው መጣ።

«ማነው እንዲህ የሠራው?»

«ጌታዬ፣ ታማ ስለነበር—» አለች አክስቷ።

«እትዬ ተይ። እኔ ነኝ። ሊነግሩኝ ሲሉ አላስጨረስኳቸውም።» ወደ ንጣፍ ሠራተኞቹ አለቃ ዞረች። «አሁን... እርዱኝ።» ቃሉ ምላሷ ላይ እንደ አሸዋ ቆረቆራት፤ ከዚያ በፊት ብላው አታውቅም።

አለቃው ሲባጎውን በአንድ ጫፍ ያዙ። ተጫዋቾቹ ከሁለቱም ቡድን መጥተው ፕላስተር ይቆርጡላት ጀመር። መቀመጫው ላይ የተደረደረው ተማሪ ደግሞ ሥራ ፈት ነው።

«ኢንጂነር! ወደ ግራ!»

«እንደዚያ አይደለም!» አለ ሌላው፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከጽዳቶቹ አንዷ ሹክ ብላቸው መሆን አለበት። ላቧ አፍንጫዋ ላይ እየተንጠባጠበ እሷም ሳቀች፤ ሌላ ምን ታደርግ!

ዳኛዋ እንደገና ለክታ አሳለፈችላት። ጨዋታው ዘግይቶ ተጀመረ። ኃላፊው ከዳር ጠራት።

«ቃሌን አላጥፍም። ቋሚ ነሽ። ግን መስመር በየቀኑ አይለጠፍም፤ በሌላው ቀን ከጋሼ ሥር ሆነሽ ንጣፍ ትጠቀልያለሽ።»

አክስቷ እየሮጠች መጣች። «ቋሚ ሆንሽ?»

«ሆንኩ።»

«ታዲያ ፊትሽን ምን አጠቆረው?»

«በንጣፍ ክፍል ነው።»

አክስቷ የመጥረጊያዋን እጀታ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ኢንጂነር!» አሉ አዲሱ አለቃዋ ከጥቅልሎቹ አጠገብ። «ነይ፣ በዚያ ጫፍ አንሺ።»

ሄደች። ከባድ ዕቃ ወገብ ሳይጎዳ እንዴት እንደሚነሳ በስልኳ አይታለች፤ ልታስረዳቸው አፏን ከፈተች። ጥቅልሉ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ግን ለወሬ የሚተርፍ ትንፋሽ አጣች።