የባለፋኖሷ እርምጃ

ሰውየው ዕድሜውን ሊፍት ሲጠግን የኖረ ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ጆሮ» ይሉታል። ሌላው መፍቻውን ሲያወጣ እሱ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ይቆማል፤ ካቢኑ ሲወጣና ሲወርድ ያዳምጥና፣ «ላይኛው መዘውር ነው» ይላል። ቤቱ ሲገባ ግን ይህ ጆሮ አንድ ሥራ ብቻ ነበረው፤ ሴት ልጁ ከሥራ ስትመለስ ደረጃውን ስትወጣ መስማት። ሚጢ ከተወለደች ጀምሮ ግራ ዳሌዋ አልተስተካከለም። ቀኝ እግሯን ድም አድርጋ ታሳርፍና ግራውን ሸርተት አድርጋ ታስከትለዋለች። ድም፣ ሸርተት። ድም፣ ሸርተት። ገና ታችኛው ደረጃ ላይ ሳለች ሰምቶ፣ «መጣች፣ ራት አቅርቢ» ይላል ለሚስቱ።

ሚጢ ባለፈው ክረምት ሞተች። ጉንፋን ነው የተባለ ሕመም ወደ ሳንባዋ ወርዶ፣ ሐኪሞቹ ምን እንደሆነ ሳይስማሙ ይዟት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው በወሬ መሀል ድንገት ቀና ይላል። «ምን ሰማህ?» ይሉታል የሥራ ጓደኞቹ። «ምንም» ይላል። ሚስቱ ግን አትጠይቀውም። እሷም ማታ ማታ ሳህን እያጠበች ቧንቧውን ዘግታ ቆም የምትልበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ይህን አንስተውት አያውቁም።

ሚጢ በማተሚያ ቤት ነበር የምትሠራው፤ ነፍሷ ግን «የጭጋጉ ድልድይ» በሚባል ተከታታይ የሥዕል ታሪክ ላይ ነበር። የታሪኩ አድናቂዎች በዓመት አንዴ ትልቅ አዳራሽ ተከራይተው፣ የገጸ ባሕርያቱን ልብስ ለብሰው ይሰበሰባሉ። «አባዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ና» ትለው ነበር። «ትልልቅ ሰው ጭምብል አጥልቆ ሲንጎራደድ ለማየት?» ይላታል፤ ትስቃለች። ሊፍቱም እንደ ቀጠሮ ያን ቀን ይበላሻል።

ዘንድሮ የጠራችው የእህቱ ልጅ ናት። መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ከሚጢ ጋር አንድ አልጋ ላይ እየተኛች ያደገች ልጅ ናት። መጥታ ሳሎኑ መሀል ቆመች።

«አጎቴ፣ እሁድ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ። ዘንድሮ ሰልፉ የሚደረገው ለእሷ መታሰቢያ ነው። እምቢ ካልክ እዚሁ ሶፋ ላይ አድራለሁ፤ ማንኮራፋቴን ታውቀዋለህ።»

«እናቷስ?» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ።

«እኔን ተዉኝ» አለች ሚስቱ። «አንተ ሂድ።»

እሁድ ረፋዱ ላይ አዳራሹ በር ሲደርስ የእህቱን ልጅ ፈልጎ አጣት። ነጭ ጋውን ለብሳ ሽሮፕ ስትሰጥ የሚያያት ልጅ ከራስ እስከ እግሯ ግራጫ ላባ ለብሳ፣ ጥቁር ምንቃር ግንባሯ ላይ ገፍታ ቆማለች።

«አንቺ ነሽ?»

«ዛሬ ቁራ ነኝ። በስሜ እንዳትጠራኝ፤ እዚህ ሰው የሚጠራው በለበሰው ነው። ና፣ ደረትህን አምጣ።» የመግቢያ ባጁን ደረቱ ላይ አድርጋ ከጎኑ ቢጫ ጥብጣብ ሰካችለት። «ይሄ አዲስ ገቢ ነህ ማለት ነው። ያየህ ሁሉ ‹እንኳን ተሻገርክ› ይልሃል። አንተም ‹ድልድዩ ይጽና› ትላለህ።»

«ባልልስ?»

«ምንም አይሆንም፤ ግን ደንግጠው ደግመው ይሉሃል። ሌላው ነገር፣ ሰው ሳታስፈቅድ ፎቶ አታነሣም። ልብሳቸውንም እንዳትነካ። ክንፍ ይሁን ቀንድ፣ ዓመት ሙሉ የተለፋበት ነው።»

ገቡ። ሰውየው ብዙ ትልልቅ ሕንጻ ውስጥ ሠርቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየም። ቀንዱ ጣሪያ ሊነካ የደረሰ ሰውዬ በአንድ እጁ ሕፃን አቅፎ በሌላው ጡጦ ይዟል። ሁለት ዓሣ ነባሪዎች ሽንት ቤት ወረፋ ላይ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። አንዲት እናት ጅራት ያላትን ልጇን፣ «ጅራትሽን ሰብስቢ፣ ሰው ይረግጠዋል!» እያለች ትቆጣለች። «እንኳን ተሻገርክ!» አሉት ከቀኝ። «እንኳን ተሻገሩ አባት!» አሉት ከግራ። መጀመሪያ አፈረ። ከዚያ፣ «ድልድዩ ይጽና» ማለቱን ለመደው። እንደውም ባለ ቀንዱን ሰውዬ ቀድሞ ሰላም ብሎት የእህቱ ልጅ ሳቀች።

ግድግዳው ጥግ የጥገና ጠረጴዛ ነበር፤ የተሰበረ ልብስ ያለው ሁሉ የሚጠገንበት። ሰውየው እጁ በላውና ጠጋ አለ። የሚከፈትና የሚዘጋ ክንፍ አንዱ ማጠፊያ ተነክሶ ነበር። ቁጭ ብሎ ብሎኑን ሲያላላ ትንሽ ሆዱ ተፍታታ። ሚጢም እዚህ ተቀምጣ ይሆናል ብሎ አሰበ።

ያን ጊዜ ነው የሰማው።

ከኋላው፣ ከጫጫታው ሁሉ ሥር። ድም፣ ሸርተት። ድም፣ ሸርተት።

ብሎኑ ከእጁ ወደቀ። ዞር ለማለት አንገቱ እምቢ አለው። ለወራት በባዶ ደረጃ ላይ ሲሰማው የኖረው ድምፅ ነው፤ አሁን ግን ባዶ ደረጃ የለም፤ እዚሁ፣ ከጀርባው ነው። እንደምንም ዞረ። አመድማ ካባ ያጠለቀች፣ ፊቷን ነጭ ጭምብል የሸፈነች፣ ፋኖስ የያዘች ሴት እያነከሰች አለፈች። ትንፋሹን ሳይሰበስብ ከወዲያ ማዶ ሌላ መጣች፤ ያው ካባ፣ ያው ፋኖስ፣ ያው እርምጃ። ከመጻሕፍቱ ጠረጴዛ ዘንድ ሌላ። በደረጃው ላይ ሦስት ሆነው ሌሎች። አዳራሹ በሙሉ በልጁ እግር ይሄዳል።

ሰውየው ቆሌው ተገፈፈ። ቀጥሎ ግን ደሙ ፈላ። ልጄን ያሾፉባታል፣ ሞታ እንኳ አልተዉአትም አለ በልቡ። ሕጉን ሁሉ ረስቶ በአጠገቡ ያለፈችውን ክንዷን ጨብጦ አስቆማት።

«ምን የሚያስቅ ነገር አገኛችሁ? ማን ነው እንደዚህ ሂዱ ያላችሁ?»

ጭምብሉ ተነሣ። ከሥሩ ብቅ ያለው ጢማም፣ ፊቱ በላብ የራሰ ጎልማሳ ነው።

«ይቅርታ ጋሼ» አለ ጎልማሳው ደንግጦ። «ረገጥኩዎት እንዴ? ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፤ እግሬም ትልቅ ነው...»

«አነካከስህን ነው የምጠይቅህ!»

«ባለፋኖሷ እኮ እንዲህ ናት የምትሄደው። ኩራዝ ናት ያስተማረችን።»

«ኩራዝ ማን ናት?»

የእህቱ ልጅ ላባዋ እየረገፈ ሮጣ ደረሰች። «አጎቴ፣ ልቀቀው። ኩራዝ ሚጢ ናት። እዚህ ስሟ ኩራዝ ነበር።» ወደ ዳቦ ጋጋሪው ዞረች። «አባቷ ነው።»

ዳቦ ጋጋሪው ጭምብሉን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። 

ወንበር ስበው አስቀመጡት። የእህቱ ልጅ ውሃ ሰጠችውና ነገረችው። ባለፋኖሷ በታሪኩ ውስጥ በድልድዩ ራስ ቆማ ሙታንን የምታሻግር ሴት ናት። ሥዕሉ ላይ ሁልጊዜ ቆማ ነው የምትታየው፤ እንዴት እንደምትሄድ ማንም አያውቅም ነበር። አንድ ዓመት ሚጢ ካባውን ለብሳ መድረክ ላይ ወጣች፤ በራሷ እግር፣ እንደ ልማዷ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አዎ፣ እንዲህ ነው መሄድ ያለባት አሉ ሰዎች፤ ስንት ሙት የተሸከመች ሴት ቀጥ ብላ አትሄድም። በሚቀጥለው ዓመት ባለፋኖስ የለበሰ ሁሉ እያነከሰ መጣ።

«ልብ ብለህ ብታይ ግን» አለች የእህቱ ልጅ፣ «የሚስቡት ቀኝ እግራቸውን ነው። ሚጢ ለማለማመጃ ራሷን በስልክ ቀርጻ ላከችልን። ስልኩ እንደ መስታወት ገልብጦ ቀረጸው፤ ሁሉም ከዚያ ላይ ተማረ። ስንነግራት ሳቀች። ‹ተዉት፣ ቀኙን እናንተ ውሰዱ፤ ግራው የእኔ ነው› አለች።»

ሰውየው አየ። እውነት ነው፤ ሁሉም ቀኛቸውን ነው የሚጎትቱት። ቁጣው ከየት እንደመጣ ሳያውቀው ጥሎት ሄደ፤ ባዶ ቦታው ላይ ሐዘን ገባ። ዳቦ ጋጋሪውን፣ «አትቀየመኝ፣ ልጄ» አለው። ዳቦ ጋጋሪውም፣ «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ነኝ እንጂ» ብሎ ካባውን አስተካክሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ደረሰ። መጋረጃዎቹ ተዘጉ፤ መብራቱ ተቀነሰ። የእህቱ ልጅ ጆሮው ላይ አንሾካሾከች፤ «አሁን ማንም አያወራም፣ ፎቶም የለም። ከባለፋኖሶቹ አንዷ ፊትህ ከቆመች ‹ማን ይጠብቅሃል?› ትልሃለች። የምትፈልገውን ሰው ስም ትጠራለህ፤ ታልፋለች። መጨረሻ ላይ መድረኩ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ጭምብላቸውን አንድ ላይ ያነሣሉ።»

መጡ። የፋኖሶቹ ብርሃን በወለሉ ላይ እየተወዛወዘ፣ ረጅም ሰልፍ ሠርተው። ጫጫታው ሲጠፋ እርምጃቸው ብቻ ቀረ፤ ያ ሁሉ እግር አንድ ላይ ሲሳብ ከደጅ የሚገባ ነፋስ ይመስላል። እዚህም እዚያም እየቆሙ ይጠይቃሉ፤ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ይመልሳል። «እናቴ።» «ወንድሜ።» ባለ ቀንዱ ሰውዬ የአንዲት ሴት ስም ጠርቶ አለቀሰ።

ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር፤ ልማዱ ነው። በዚያ ሁሉ እርምጃ ውስጥ አንድ ከሌላው ጋር የማይገጥም ሰማ። ሌሎቹ ሲያሳርፉ የሚስብ፣ ሌሎቹ ሲስቡ የሚያሳርፍ። ዓይኑን ገለጠ። ከሰልፉ ወደ ኋላ ላይ አንዷ ባለፋኖስ ትመጣለች። ካባዋ እንደ ሌሎቹ ነው። ግራ እግሯን ነው የምትስበው።

ተሳስታ ይሆናል አለ። የሚሳሳት ሰው ግን እግሩን እያሰበ ይራመዳል፤ ይቺ አታስብም። እንደ ደከመው ሰው ትከሻዋን ዘንበል አድርጋ ግድግዳ ለመንካት እጇን ዘርጋ ታደርጋለች፤ ግድግዳ በሌለበት። እንዲህ የምትሄደው ደረጃ ለደረጃ ግድግዳ እየዳሰሰች የኖረች ብቻ ናት።

ፊቱ ስትደርስ ቆመች። ፋኖሱ ፊቱን አሞቀው። ጥያቄውን ጠበቀ። አልጠየቀችም። ከጭምብሉ ቀዳዳ ወዲያ የሚታይ ነገር የለም። ሰውየው ሊጠራው ያሰበው ስም ጠፋበት። ከአፉ የወጣው ሌላ ነው።

«እናትሽ ቤት ናት» አለ። «ደህና ናት።»

ባለፋኖሷ ራሷን ዝቅ አደረገች። ከዚያ ሰልፉን ተከትላ ሄደች። ድም፣ ሸርተት።

የሰልፉ መሪዎች መድረኩ ጋ ደርሰው ነበር። የሁሉም እጅ ወደ ጭምብሉ መነሣት ሲጀምር ሰውየው ብድግ አለ። ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሰው እየገፈተረ፣ በጎኑ በር ወደ ውጭ ወጣ። ከኋላው ጭብጨባው ፈነዳ። የመኪና ማቆሚያውን ግድግዳ ተደግፎ ሲያለከልክ የእህቱ ልጅ ደረሰችበት።

«ምን ሆንክ? ጭምብል ሲያነሡ ሳታይ?»

«ሆን ብዬ ነው። ካየሁ ወይ የሰው ፊት ይሆናል፣ ወይ...» አልጨረሰውም። «ከእነሱ መሀል በግራ የሚያነክስ አለ?»

«የለም።»

«አስቢ እስኪ።»

«አጎቴ፣ ሰልፉን ያለማመድኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰው እንኳ የለም።» ፊቱን አየችው፤ ምንቃሯን ከግንባሯ አወለቀች። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም። አጠገቡ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ላባዋ በነፋስ ይንቀጠቀጣል።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ሊደብቃት አስቦ ነበር፤ ፊቱ ግን ቀድሞ ነግሯት ኖሮ ቢላዋውን አስቀመጠች። ነገራት። ስለ ካባዎቹ፣ ስለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ስለ ቀኝና ግራው፣ ፊቱ ስለ ቆመችው። አበድክ ትለኛለች ብሎ ጠበቀ።

ሚስቱ ሽንኩርቱን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። «ደክሟት ነበር?» አለችው።

ሰውየው አሰበ። መዋሸት አልፈለገም። «ትንሽ። ደረጃ ላይ እንደሚደክማት ግን አይደለም። እዚያ ወለሉ ሜዳ ነው።»

«ፋኖሱስ? ከባድ ነው?»

«ቀላል ነው። ፕላስቲክ ነው የሚመስለኝ።»

ሚስቱ እጇን በጨርቅ ጠረገች። ወንበር ስባ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠችና፣ ጉልበቷን ከጉልበቱ አስጠግታ፣ «በል እንደገና ንገረኝ» አለችው። «አትሩጥብኝ። ቢመሽም ይምሽ።»