ውሃው ዳር የነበሩት

«እናንተ ዘንድ ለመምጣት መጀመሪያ ኑዛዜ መጻፍ ያስፈልጋል!» አለ ባለወፍጮው፣ ዳገቱን ወጥቶ ለቅሶ ቤቱ ሲገባ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ። ለቀስተኞቹ ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ እዚያ ቤት ሲሳቅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

የሟቿ ልጅ አልሳቀችም። ሻይ ቀድታ ሰጠችው።

ባለወፍጮው የሜዳ ሰው ነው። የሜዳ ሰዎች እዚህ ተራራው ላይ ያሉትን ሽኮኮዎች ይሏቸዋል፤ ከቋጥኝ ተጣብቀው ስለሚኖሩ።

«እናታችሁን የገደላቸው ይሄ ዳገት ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጀሪካን ተሸክመው ሲወጡ ሲወርዱ አለቁ። ወንዙ ዳር ቦታ ልስጣችሁ፤ ለነፍሳቸው ብዬ።»

ወንድሟ ቀና አለ። ዐይኑ ደም መስሏል። «እግዜር ይስጥልን ጋሼ። እህቴን እዚህ ብቻዋን ጥያት አልሄድም፤ ይዣት ነው የምሄደው። ነገውኑ እንወርዳለን።»

አክስታቸው ጎረቤቷን ጎሸም አደረገቻት። «ይሄ ልጅ የሰውዬውን አያት ሥራ ሳያውቅ ቀርቶ ነው?»

«ዝም በይ፣ ለቅሶ ቤት ነው።»

ልጅቱ ትንሽ ሳለች ዳገቱ መሃል ቁጭ ብላ አልቅሳ ነበር። «ለምን እንደ ሰው ወንዙ ዳር አንኖርም?»

እናቷ ጀሪካኑን አስቀምጣ ቁልቁል በጣቷ አሳየቻት። በባለወፍጮው ማሳ መሃል፣ ማረሻ እየዞረ የሚያልፈው ክብ ክብ የድንጋይ መሠረት ይታያል።

«ያ ቤታችን ነበር። ባሪያ ፈንጋዮች በፈረስ ሲመጡ መጀመሪያ የወሰዱት ውሃው ዳር የነበሩትን ነው። አስረው ነዷቸው፣ ሸጧቸው። ያመለጠው እዚህ ወጣ። ፈረስ እዚህ አይወጣማ!» ጀሪካኑን መልሳ ተሸከመች። «ሽኮኮ ሲሉሽ አቤት በይ። የተረፈው ሽኮኮ ነው።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ እህቴ?» አለ ባለወፍጮው ወደ ልጅቱ ዞሮ።

«ቦታውን ከየት አገኙት?»

«ከአባቴ ነዋ! አባቴም ከአባቱ።»

«አባቱስ?»

ባለወፍጮው ሻዩን አስቀመጠ።

«ይሄ እኮ የጥንት ነገር ነው...»

«አያትዎ ሰዎቻችንን ሸጠው ባዶ በቀረው ቦታቸው ላይ አረሱ። እርስዎ አልሸጡም፤ አውቃለሁ። ግን የራሳችንን ለነፍሷ ብለው አይመጽውቱን። እዚሁ ሰው ፊት ‹የእናንተ ነው› ይበሉ፤ ነገ ጠዋት እወርዳለሁ።»

ባለወፍጮው ወንድሟን አየ። ወንድሟ መሬት መሬት ያያል።

«ሐዘኑ ነው የሚያናግራት» ብሎ ተነሣ።

«ሻይዎን ይጨርሱት እንጂ» አለች አክስትየው። «ውሃው ከሩቅ ነው የመጣው።»

አልጨረሰውም።

ወንድሟ እህቱን ተከትሎ ጓዳ ገባ። «አበላሸሽው! አሁን ውሃ ማን ሊቀዳልሽ ነው?»

«እኔው።»

«ነገ አትወርጂም ማለት ነው?»

«እወርዳለሁ። ውሃ ልቀዳ።»

ከምስማሩ ላይ የእናቷን ሹራብ አውርዳ ለበሰችው። እጅጌው ክንዷ አጋማሽ ላይ ቀረ። ልትቆልፈው ስትሞክር የመጀመሪያው ቁልፍ ከቀዳዳው አመለጣት።

ወንድሟ ቀረበና ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈላት።